ስለ እርጅና ዐቅምና ስለ ልብ ጤንነት

ዕድሜን የማይመኝ ሰው የለም፤ እርጅናን የሚመኝ ግን አይገኝም። ይሁን እንጂ ሁለቱ የማይለያዩ ስለ ሆኑ አንዱን ለምኖ ሌላውን መሸሽ አይቻልም። ሽማግሌዎቻችን ይህን ጠንቅቀው ስለሚያውቁ ልጅ ሲመርቁ «ዕድሜና ጤና ይስጥህ» ይላሉ እንጂ ዕድሜን ብቻውን አይመርቁም። ጤና የሌለው ዕድሜ ለባለቤቱም ለቤተ ሰቡም ከባድ መሆኑን አይተዋልና ነው።

እኛም ተማሪዎች በየቤታችን ወይም በየጎረቤታችን በዕድሜ የገፉ ወላጆች አሉን። አያታችን ቤተ ክርስቲያን ተሳልመው ሲመለሱ መንገድ ላይ ሁለት ሦስት ጊዜ ቆመው ማረፍ ሲጀምሩ፣ ወይም የገበያ ዘንቢል ማንሣት ሲያቅታቸው፣ ወይም የቅርብ ጎረቤት ስም ሲጠፋባቸው፣ ቤተ ሰቡ ሁሉ በአንድ ቃል «እርጅና ነው» ብሎ ያልፈዋል። ይህ ቃል አንዳንድ ጊዜ እውነት ነው፤ ብዙ ጊዜ ግን ሊታከም የሚችለውን በሽታ የሚሸፍን መጋረጃ ይሆናል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ እርጅና በራሱ የሚወስድብንንና በሽታ የሚወስድብንን ለይቶ ማሳየት፣ እንዲሁም የአካልና የአእምሮ ዐቅም ከልብ ጤንነት ጋራ ያለውን ዝምድና በአጭሩ መግለጽ ነው።

ልብ ምን ይሠራል?

ልብ የባለቤቱን ጡጫ የሚያህል ጡንቻ ነው። ጤነኛ ሰው ዐርፎ በተቀመጠ ጊዜ ልቡ በደቂቃ 70 ጊዜ ያህል ይመታል፤ ይህም በቀን ሲታሰብ ወደ 100,000 ይደርሳል። በየደቂቃው የሚገፋው ደም 5 ሊትር ያህል ስለ ሆነ በ24 ሰዓት ውስጥ ወደ 7,000 ሊትር የሚሆን ደም ያመላልሳል። ይህ መጠን ባለ 200 ሊትሩን በርሜል 35 ጊዜ ለመሙላት ይበቃል። ሰው ሲሮጥ ወይም ዳገት ሲወጣ ደግሞ ጡንቻዎቹ ብዙ ኦክሲጅን ስለሚጠይቁ፣ የጤነኛ ወጣት ልብ የሚገፋውን ደም እስከ አራት እጥፍ ከፍ ለማድረግ ይችላል።

እንግዲህ ልብ ለዕለት ሥራው ከሚያስፈልገው በላይ በመጠባበቂያ ያስቀመጠው ኃይል አለ ማለት ነው። ይህን ኃይል ትርፍ ዐቅም ብለን ልንጠራው እንችላለን። ሰው ሲያረጅ አስቀድሞ የሚቀንሰው ይኸው ትርፍ ዐቅም ነው። ስለዚህ አንድ ሽማግሌ በወንበር ላይ ተቀምጠው ሲጫወቱ ምንም የጎደለባቸው አይመስሉም፤ ጉድለቱ የሚታየው ከመቀመጫቸው ተነሥተው መንገድ የጀመሩ እንደ ሆነ ነው።

የልብ ምት ሊደርስበት የሚችለው ከፍተኛ ቁጥር በግምት ሲሰላ ከ220 ላይ ዕድሜን በመቀነስ ይገኛል። በዚህ ሒሳብ የ16 ዓመት ተማሪ ልብ በደቂቃ እስከ 204 ሊመታ ሲችል፣ የ70 ዓመት አዛውንት ልብ ግን 150 ገደማ ላይ ይወሰናል። የደም ቧንቧዎችም እንዲሁ ይለወጣሉ። አዲስ የጎማ ቱቦ ውሃ ሲገባበት ይለጠጣል፤ ብዙ ዓመት ፀሐይ የመታው ቱቦ ግን ደርቆ አልለጠጥ ይላል። የሰውም የደም ቧንቧ በዕድሜ ብዛት እየደረቀ ሲሄድ ልብ ደሙን በገፋ ቁጥር ግፊቱ ከፍ ይላል፤ ልብም በእያንዳንዱ ምት የበለጠ ይደክማል።

ሊቃውንት እንደሚሉት ሰው ከ30 ዓመቱ ወዲያ ኦክሲጅንን ለሥራ የማዋል ዐቅሙ በየ10 ዓመቱ ከመቶ 10 ያህል ይቀንሳል። ነገር ግን ይህ ቁጥር ለሁሉም ሰው አንድ አይደለም። ሰውነታቸውን ሳያቋርጡ በሚያሠሩ ሰዎች ላይ ቅነሳው ከዚህ እጅግ ያነሰ ሆኖ ተገኝቷል። ለዚህም የአገራችን ሯጮች ጥሩ ምስክሮች ናቸው። ማሞ ወልዴ በ1961 ዓ.ም. በሜክሲኮ ኦሊምፒክ ማራቶንን ሲያሸንፉ ዕድሜያቸው 36 ነበር፤ በ1964 ዓ.ም. መጨረሻ ደግሞ በሙኒክ በ40 ዓመታቸው ሦስተኛ ወጥተዋል። ቀነኒሳ በቀለም በሚያዝያ 2016 ዓ.ም. በለንደን ማራቶን በ41 ዓመቱ 2 ሰዓት ከ4 ደቂቃ ከ15 ሰከንድ ሮጦ ሁለተኛ ሆኗል። ሁላችንም ሯጮች እንሁን ማለት አይደለም፤ ዕድሜ ብቻውን ጉልበትን እንደማይወስን ግን ከዚህ እንረዳለን።

የእንጦጦ ዳገት እንደ ሚዛን

በየካ ክፍለ ከተማ የምንኖር ሰዎች የልብን ዐቅም የሚመዝን ሚዛን በደጃችን አለን፤ እርሱም የእንጦጦ ዳገት ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ያህል ከፍታ ሲኖራት፣ የእንጦጦ ራስ ግን ከ3,000 ሜትር በላይ ነው። በዚያ ከፍታ ላይ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው በመቶ 30 ያህል ያነሰ ስለ ሆነ፣ በአንድ ትንፋሽ የሚገባው ኦክሲጅን በዚያው መጠን ይቀንሳል። ሯጮቻችን ወደዚህ ተራራ እየወጡ የሚለማመዱትም ሰውነታቸው በጥቂት ኦክሲጅን ብዙ ሥራ መሥራትን እንዲማር ነው።

ይኸው ዳገት ለአዛውንቶች ደግሞ የተሸሸገውን በሽታ ይገልጣል። ለልብ ጡንቻ ራሱ ደም የሚያደርሱ ቀጫጭን ቧንቧዎች በስብ እየተደፈኑ ሲጠቡ፣ ሰውዬው በሜዳ ላይ ሲሄድ ምንም አይሰማው ይሆናል። ዳገት ሲጀምር ግን ልቡ ተጨማሪ ደም ይፈልግና ያጣል፤ ያን ጊዜ ደረቱን እንደ ድንጋይ የሚጫን ሕመም ይሰማዋል፤ ሕመሙም ወደ ግራ ክንዱ ወይም ወደ አገጩ ሊዛመት ይችላል። ቆም ብሎ ጥቂት ሲያርፍ ይተወዋል። ስለ ተወውም «ድካም ነው፣ እርጅና ነው» ብሎ መንገዱን ይቀጥላል። ከዚያ በኋላ ዳገቱን መውጣት ያቆማል፤ ቀጥሎ ገበያ መሄድ ይተዋል፤ በመጨረሻም ከቤት አይወጣም። ቤተ ሰቡ ሰውዬው ስላረጀ ቤት የዋለ ይመስለዋል፤ እውነቱ ግን በሽታው መንገዱን አንድ በአንድ እየዘጋበት መሆኑ ነው።

ዐቅም ሲቀንስ የልብ ሕመም ይቀርባል

መንቀሳቀስና የልብ ጤንነት መያያዛቸውን በግልጽ ካሳዩት ጥናቶች አንዱ እ.ኤ.አ. በ1953 በእንግሊዝ አገር የታተመው የጄሪ ሞሪስ ሥራ ነው። ይህ ሐኪም የለንደንን ባለ ሁለት ፎቅ አውቶቡሶች ሠራተኞች መረመረ። ሾፌሮቹ ቀኑን ሙሉ ተቀምጠው ይውላሉ፤ ትኬት ቆራጮቹ ግን ደረጃውን ሲወጡና ሲወርዱ ይውላሉ። ሁለቱም በአንድ መኪና ውስጥ የሚሠሩ ሰዎች ሲሆኑ የልብ ሕመም በሾፌሮቹ ላይ በዝቶ፣ በትኬት ቆራጮቹ ላይ አንሶ ተገኘ።

ከዚያ ወዲህ ምርመራው እየሰፋ ሄዷል። እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ አንድ ጥናት በ17 አገሮች የሚገኙ 140,000 ያህል ሰዎችን የእጅ ጭበጣ ኃይል በመሣሪያ ለካ። ውጤቱም የሚያስደንቅ ነበር፤ የጭበጣው ኃይል በ5 ኪሎ ባነሰ ቁጥር በልብና በደም ቧንቧ በሽታ የመሞት አደጋ በመቶ 17 ያህል ጨምሮ ታየ። ይህ ማለት እጅ ልብን ይጠብቃል ማለት አይደለም። ጡንቻ የመላው ሰውነት መስተዋት ስለ ሆነ በእርሱ ላይ የሚታየው ድክመት በውስጥ ያለውን ድክመት ይናገራል ማለት ነው። ነገሩ ደግሞ እንደ ክብ ቀለበት ነው፤ ልብ ሲደክም ሰው መሄድ ይተዋል፤ መሄድ ሲተው ጡንቻው ይመነምናል፤ ጡንቻ ሲመነምን ስኳርና ስብ በደም ውስጥ ይከማቻል፤ ይህም ተመልሶ ልብን ይጎዳል።

የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጣው ስለ እርጅና በሚናገረው ዘገባ፣ የሰው ጤንነት በበሽታ ብዛት ብቻ ሳይሆን በቀረው የአካልና የአእምሮ ዐቅም መመዘን እንደሚገባው አስታውቋል። በዚህ መሠረት ዐቅም በአምስት ክፍል ይመረመራል። አንደኛው መራመድና መንቀሳቀስ ነው። ሁለተኛው ምግብና የሰውነት ብርታት ነው። ሦስተኛው ማሰብና ማስታወስ ነው። አራተኛው የመንፈስ ደስታና ጭንቀት ነው። አምስተኛው ማየትና መስማት ነው።

ለዚህ የሚሆኑት የመጀመሪያ መመርመሪያዎች እጅግ ቀላል ናቸው። ሰውዬው በእጁ ሳይደገፍ ከወንበር ላይ አምስት ጊዜ ተነሥቶ ሲቀመጥ ከ14 ሰከንድ በላይ ከፈጀበት እግሩ ደክሟል ማለት ነው። ሦስት ቃላት ተነግረውት ከጥቂት ጊዜ በኋላ መድገም ካቃተው፣ ወይም ዛሬ ቀኑ ስንት እንደ ሆነ ካላወቀ የማስታወስ ዐቅሙ ይመርመር። ሳያስበው በሦስት ወር ውስጥ ከ3 ኪሎ በላይ ከከሳ፣ በሹክሹክታ የተነገረውን ካልሰማ፣ ወይም ሁለት ሳምንት ሙሉ ቀድሞ ደስ ይሉት የነበሩትን ነገሮች ከጠላ፣ እያንዳንዱ ወደ ሐኪም የሚያደርስ ምክንያት ነው። ይህን ለማወቅ ሰዓት ያለው ተማሪና አንድ ወንበር ይበቃሉ።

ልብና አእምሮ

አንዳንድ ሰዎች የአእምሮ መድከም ከልብ ጋራ ምን አገናኘው ብለው ይጠይቁ ይሆናል። አእምሮ ከሰውነት ክብደት ከመቶ 2 ያህል ብቻ ሲሆን ልብ ከሚገፋው ደም ግን ከመቶ 15 ያህሉን ይወስዳል። ስለዚህ የልብን ቧንቧ የሚያበላሸው የደም ግፊት፣ ስኳር፣ ትንባሆና የደም ስብ የአንጎልንም ቧንቧ ያበላሻል። ጉዳቱ በአንድ ጊዜ ሲመጣ ስትሮክ ይባላል፤ ቀስ እያለ ሲመጣ ደግሞ ሐሳብን ያዘገያል፤ የመርሳትንም በሽታ ያባብሳል።

እ.ኤ.አ. በ2024 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት የወጣው የሊቃውንት ሪፖርት እንዳስረዳው፣ 14 ምክንያቶች ቢወገዱ በዓለም ላይ ካለው የመርሳት በሽታ ከመቶ 45 ያህሉን መከላከል ወይም ማዘግየት ይቻላል። ከምክንያቶቹ መካከል የደም ግፊት፣ ያለ እንቅስቃሴ መኖር፣ ትንባሆ፣ የጆሮ መድከም፣ ብቸኝነትና የመንፈስ ጭንቀት ይገኙባቸዋል። እኛን ተማሪዎችን በተለይ የሚመለከተው ግን በልጅነት ጊዜ ትምህርት ማነሱ ከእነዚህ አንዱ ሆኖ መቈጠሩ ነው። እንግዲህ ዛሬ በመማሪያ ክፍል የምናጠራቅመው ዕውቀት ለፈተና ብቻ ሳይሆን ለ70 ዓመት ዕድሜያችንም የሚቀመጥ ስንቅ ነው።

ስለ ብቸኝነትም አንድ ቃል መጨመር ያስፈልጋል። ጆሯቸው የደከመ አዛውንት ጨዋታ ስለማይሰሙ ከሰው መካከል መቀመጥን ይጠላሉ፤ ከዚያም ከማኅበርና ከዕድር ይቀራሉ፤ በመጨረሻም ያዝናሉ። የረዥም ጊዜ ሐዘንና ብቸኝነት የልብን በሽታ እንደሚጨምሩ በብዙ ጥናት ታይቷል። ስለዚህ የቡና ጥሪ፣ ማኅበርና ዕድር ለአዛውንቶች ከመድኃኒት የማይተናነስ ጥቅም አላቸው።

እንጨት የሚሸከሙ እናቶች

ከላይ የተጻፈውን ያነበበ ሰው «እንቅስቃሴ ልብን የሚጠብቅ ከሆነ፣ ከእንጦጦ እንጨት ተሸክመው የሚወርዱ እናቶች ከሁሉ ይልቅ ጤነኞች መሆን አለባቸው» ሊል ይችላል። ጥያቄው ተገቢ ነው። እነዚህ እናቶች 30 ኪሎና ከዚያም በላይ የሚመዝን ጭራሮና ቅጠል በጀርባቸው አዝለው፣ ጎንበስ ብለው፣ ወደ ሽሮ ሜዳ፣ ወደ ፈረንሳይና ወደ ኮተቤ ሲወርዱ ሁላችንም አይተናል። ጥንካሬያቸውም የሚደነቅ ነው። ይሁን እንጂ የሚያበረታ እንቅስቃሴና የሚያደቅ ሥራ አንድ አይደሉም።

ሯጭ ከልምምዱ በኋላ ይበላል፣ ይተኛል፣ በማግሥቱም ቀለል ያለ ሩጫ ይመርጣል። ጡንቻም ልብም የሚጠነክሩት በዕረፍቱ ጊዜ ነው። እንጨት ተሸካሚዋ ግን ሥራው ሲከብድባት ለመተው አትችልም፤ የምትበላው ከምታወጣው ጉልበት ጋራ አይመጣጠንም፤ ከባድ ሸክም በተሸከመች ቁጥርም የደም ግፊቷ ለረዥም ሰዓት ከፍ ብሎ ይቈያል። ማታ ደግሞ ያንኑ እንጨት በጠባብ ማድ ቤት ውስጥ አንድዳ ጢሱን ትስባለች። የጢሱ ረቂቅ ብናኝ በሳንባ በኩል ገብቶ የደም ቧንቧን ስለሚያስቈጣ ለልብ ሕመም አንዱ ምክንያት ነው። ስለዚህ ለእነዚህ እናቶች «ተንቀሳቀሱ» የሚለው ምክር አያስፈልጋቸውም፤ የሚያስፈልጋቸው ሸክሙን የሚያቃልል ሌላ ሥራ፣ ጢስ የማያወጣ ምድጃና የደም ግፊት ምርመራ ነው።

በአገራችን ያለው ሁኔታ

ቀድሞ የልብና የደም ግፊት በሽታ የሀብታም አገሮች ብቻ ይመስል ነበር። ነገር ግን በአዲስ አበባ ከ2001 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በየመቃብሩ ቦታ የሚፈጸመውን ቀብር በመመዝገብና ቤተ ሰቡን በመጠየቅ የተደረገው ምርመራ፣ በከተማይቱ ከሚሞቱት አዋቂዎች ግማሽ ያህሉ የሚሞቱት በማይተላለፉ በሽታዎች መሆኑን አሳየ፤ ከእነዚህም ውስጥ የልብና የደም ቧንቧ በሽታ ዋነኛው ሆኖ ተገኘ። እ.ኤ.አ. በ2015 በመላው ኢትዮጵያ በተደረገውም ምርመራ ከ15 እስከ 69 ዓመት ካሉት ሰዎች ከመቶ 16 ያህሉ የደም ግፊት ነበረባቸው። አብዛኞቹ ሰዎች ግን ግፊታቸውን ተለክተው አያውቁም ነበር። የደም ግፊት ሕመም ሳይሰጥ ለብዙ ዓመት ስለሚቈይ፣ ያልተለካ ሰው በሽታው መኖሩን የሚያውቀው ጉዳቱ ከደረሰ በኋላ ነው።

ምን እናድርግ?

«ሳይቃጠል በቅጠል» ይባላል። ሊደረግ የሚገባው ነገር ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅ አይደለም።

በመጀመሪያ፣ አያቶቻችንንና ወላጆቻችንን ወደ ወረዳው ጤና ጣቢያ ወስደን የደም ግፊታቸውን እናስለካ። ልኩ በተለያየ ቀን ተለክቶ 140 በ90 ወይም ከዚያ በላይ የሆነ እንደ ሆነ ሐኪም ሊያየው ይገባል። መድኃኒት የታዘዘላቸውም ሰዎች «ተሻለኝ» ብለው እንዳይተዉት እንምከራቸው፤ ግፊቱ የወረደው በመድኃኒቱ ኃይል ስለ ሆነ ሲተዉት ተመልሶ ይወጣልና።

ሁለተኛ፣ የጨው መጠን ይቀነስ። የዓለም ጤና ድርጅት ለአንድ ሰው በቀን ከ5 ግራም በታች ጨው ይበቃዋል ይላል፤ ይህም አንድ የሻይ ማንኪያ የማይሞላ ነው። በወጡ፣ በበርበሬውና በዳቦው ያለው ሁሉ ተደምሮ ነው።

ሦስተኛ፣ አዛውንቶች ዐቅማቸው በሚፈቅደው መጠን ይራመዱ። በሳምንት 150 ደቂቃ፣ ማለት በቀን 30 ደቂቃ ያህል በሳምንት አምስት ቀን ፈጠን ብሎ መሄድ ይመከራል። ለጀማሪ ሜዳው ይሻላል፤ ዳገቱ በኋላ ይደርሳል። በ2013 ዓ.ም. መጀመሪያ የተከፈተው የእንጦጦ ፓርክ የእግር መንገዶች ስላሉት ከልጅ ልጅ ጋራ ለመሄድ ይመቻል። የልብ ሕመም ያለበት ሰው ግን አስቀድሞ ሐኪሙን ያማክር።

አራተኛ፣ አደጋ የሚያመለክቱትን ምልክቶች እንወቅ። ዳገት ሲወጡ ደረት የሚጫን ሕመም፣ ትራስ ሳይደራርቡ መተኛት አለመቻል፣ ማታ ማታ የቍርጭምጭሚት ማበጥ፣ እነዚህ ሁሉ እርጅና አይደሉም፤ የልብ ሕመም ምልክቶች ሊሆኑ ይችላሉ። ደረትን የሚጫነው ሕመም ዐርፈው ካልተዋቸው፣ ወይም ፊት በድንገት ወደ አንድ ወገን ከተጣመመ፣ አንድ ክንድ ከዛለ፣ አንደበትም ከተሳሰረ፣ ሳይውል ሳያድር በዚያው ሰዓት ወደ ሆስፒታል መሄድ ያስፈልጋል።

ወንድሞቼና እኅቶቼ ሆይ፣ እርጅና በ60 ዓመት የሚጀምር አይምሰላችሁ። ጡንቻችንም፣ የደም ቧንቧችንም፣ አእምሯችንም የሚከማቸው ትርፍ ዐቅም የሚሠራው በእኛ ዕድሜ ነው። ሲጋራ ያልጀመረ፣ ወደ ትምህርት ቤት በእግሩ የሚሄድ፣ ትምህርቱንም የሚወድ ተማሪ ለሽምግልናው ከወዲሁ ያጠራቅማል። ከሁሉም በፊት ግን ዛሬ ማታ እቤታችን ስንገባ፣ ያ «እርጅና ነው» ተብሎ የታለፈው የአያታችን ድካም መቼ እንደ ጀመረና ምን ሲያደርጉ እንደሚብስባቸው በአክብሮት ቀረብ ብለን እንጠይቃቸው። መልሳቸውንም ይዘን አብረናቸው ወደ ጤና ጣቢያ እንሂድ።